«ከግንቡ 350 ሜትር»፦ በኢስታንቡል የመጀመሪያ ጉዟችን ማረፊያ የቀየርንበት ምክንያት

ሦስት ሆነን ነው የሄድነው። እኔ፣ ታናሽ እህቴና እናታችን። ለሦስታችንም ኢስታንቡል የመጀመሪያችን ነው። ጊዜው ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነበር። ሰባት ሌሊት ለማደር ሄደን አራቱን አንድ ቦታ፣ ሦስቱን ሌላ ቦታ አደርን። የሦስቱ ሌሊት ገንዘብ ተከፍሎበት ያለቀ ነበር፤ ትተነው ወጣን። ለምን እንደወጣን ነው የምጽፈው። ብዙ ሰው የተሳሳትኩትን ስህተት ሲደግመው አያለሁና በዝርዝር ልናገረው።

እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ጤነኛ ናት። ቀኝ ጉልበቷ ግን ያስቸግራታል። ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ትሄዳለች፣ ደረጃ ሲመጣ ነው ፍጥነቷ የሚቀንሰው። አልጋ ከመያዜ በፊት ጠይቄያት ነበር። «ስለ እኔ እግር አታስቡ፣ እንደምንም እሄዳለሁ» አለች። እኔም አመንኳት። እናት ለልጆቿ ጉዞ ስትል የማትለው ነገር እንደሌለ እያወቅኩ ቃሏን ይዤ ተኛሁ።

አልጋውን እንዴት እንደያዝኩት

የማረፊያው ኃላፊነት የእኔ ነበር። አፑን ከፍቼ ዋጋ፣ ነጥብና «ከመሃል ከተማ ያለው ርቀት» በሚለው አጣራሁ። ኢስታንቡል ላይ ይሄ የመጨረሻው ነገር ብዙም ትርጉም የለውም። ከተማዋ አንድ መሃል የላትም። ወርቃማው ቀንድ ከሚሉት የባሕር ክንድ በስተደቡብ አሮጌው ከተማ አለ፤ ሱልጣናህመት፣ ሲርኬጂ፣ ኤሚኖኑ፣ ቤያዚት እዚያ ናቸው። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ካራኮይ፣ ጋላታ፣ ከዚያ ወደ ላይ ኢስቲክላል ጎዳናና ታክሲም። ቦስፎረስን ተሻግሮ በእስያው ወገን ኡስኩዳርና ካዲኮይ አሉ። ለንግድ የሚመላለሰው ሰው ላለሊና አክሳራይ ያርፋል፤ ዕቃው እዚያ ስለሆነ ለእሱ ልክ ነው። እኛ ግን ዕቃ ልንገዛ አልሄድንም።

ካርታውን አየሁ። ጋላታ በታክሲምና በሱልጣናህመት መሃል ተቀምጧል። ለሁሉም እኩል ይቀርባል አልኩ። ያገኘሁት ቤት ሁለት መኝታ ክፍል፣ ማብሰያና ወርቃማውን ቀንድ የሚያሳይ መስኮት አለው። «ከጋላታ ግንብ 350 ሜትር፣ ከካራኮይ ትራም ፌርማታ 400 ሜትር» ይላል። የእንግዶቹ አስተያየት በጣም ጥሩ ነው። የሚሰረዘውና የማይሰረዘው ዋጋ ልዩነት ነበረው፤ የማይሰረዘውን ወሰድኩ። ሰባቱንም ሌሊት ከፈልኩ።

ሁለት ነገር አላየሁም። አንደኛ፣ ቤቱ «ሁለተኛ ፎቅ» ነው ይላል። በቱርክ አቆጣጠር የመሬቱ ወለል ዜሚን ይባላል፣ ቁጥር አይሰጠውም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ፎቅ ማለት ሁለት ሙሉ ደረጃ መውጣት ነው። ሊፍት አለ ተብሎ የትም አልተጻፈም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሁለተኛው የባሰ ነው። አድራሻው ውስጥ «ዮኩሹ» የምትል ቃል ነበረች። የሰው ስም መስላኝ አለፍኳት።

ስንደርስ ሁሉም ነገር ቀላል ነበር

የገባነው እሁድ ማታ፣ ወደ ጥቁር ባሕር ተጠግቶ በተሠራው በትልቁ የኢስታንቡል ኤርፖርት ነው። (ሌላኛው ኤርፖርት ሳቢሃ ጎክቸን በእስያው ወገን ነው። ቲኬታችሁ ላይ የትኛው እንደተጻፈ ሳታዩ አልጋ አትያዙ። ከሳቢሃ ጎክቸን እስከ ካዲኮይ ኤም4 የሚባለው ሜትሮ አለ፣ ስለዚህ ስሌቱ ሁሉ ይቀየራል።) ከኤርፖርቱ ኤም11 የሚባለው ሜትሮ ጋይረቴፔ ድረስ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ሲከፈት ካግትሃኔ ላይ ያበቃ ነበር፣ ጋይረቴፔ የደረሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ጋይረቴፔ ላይ ወደ ኤም2 ቀየርን። ጣቢያው በጣም ጥልቅ ነው፣ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ተንቀሳቃሽ ደረጃ እየተቀበለን ወጣን። ከዚያ አራት ፌርማታ፣ አራተኛው ሺሽሃኔ። ወረድን።

ሜትሮው መግቢያ ላይ ካለው ማሽን ለየራሳችን ኢስታንቡልካርት ገዝተን ገንዘብ ሞልተንበት ነበር። ይሄ ካርድ ሜትሮውን፣ ትራሙን፣ አውቶቡሱን፣ መርከቡን ሁሉ ይከፍታል። ብታደርጉ የምላችሁ የመጀመሪያ ነገር እሱን መግዛት ነው።

ከሺሽሃኔ ወጥተን የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ በሞላበት ጋሊፕ ዴዴ ጎዳና ቁልቁል ወረድን። ግንቡ ድንገት ፊታችን ቆመ። ጄኖዋዎች እ.ኤ.አ. በ1348 ያቆሙት ነው፣ ማታ መብራት ሲያርፍበት ያምራል። እናቴ ቆማ አየችው፣ ፎቶ አነሳናት። ከግንቡ ደግሞ 350 ሜትር ወረድን። ሻንጣዎቹ ድንጋይ ንጣፉ ላይ እየዘለሉ ቀድመውን ይሄዱ ነበር። «ቅርብ ነው» አለች እህቴ። እኔም በምርጫዬ ኮራሁ።

ከሺሽሃኔ ጀምሮ መንገዱ ሁሉ ቁልቁል እንደነበር ማታውን ማናችንም ልብ አላልንም።

ሰኞ ማታ

ሰኞ ጠዋት ደግሞ ቁልቁል ወርደን ካራኮይ ደረስን። ከካራኮይ ቲ1 የሚባለው ትራም ድልድዩን ተሻግሮ ኤሚኖኑን፣ ሲርኬጂን፣ ጉልሃኔን አልፎ ሱልጣናህመት ያደርሳል። አራት ፌርማታ። ሰማያዊውን መስጊድ አየን፣ አደባባዩ ላይ ተቀመጥን፣ ቀኑ ጥሩ ነበር። አመሻሽ ላይ ካፊያ ጀመረ። ካራኮይ ወርደን ስልኬን አወጣሁ። «8 ደቂቃ በእግር» ይላል።

31 ደቂቃ ፈጀብን።

መንገዱ መጀመሪያ ዝም ብሎ ያዘነብላል፣ ከዚያ ደረጃ ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና ዳገት። ድንጋዩ በዝናብ ረጥቦ ያንሸራትታል። የእጅ መደገፊያ አንዳንድ ቦታ አለ፣ አብዛኛው ቦታ የለም። እናቴ ቀኝ እግሯን ከእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ስታነሳ ግራ እጇ ግድግዳውን ይዳስሳል፣ ከዚያ ግራውን አስከትላ ታቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ እንደገና። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሁለቱንም እግሯን እያቆመች። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ምንም አላለችም። ከጎኗ ተቀመጥኩ። ጉልበቷን በመዳፏ ክብ ክብ እያደረገች ታሸው ነበር።

ስልኬ ማታ ላይ 12 ፎቅ እንደወጣሁ ቆጥሮልኛል። የቤቱ ሁለት ፎቅ ሲቀነስ አሥር ፎቅ ማለት ነው። በካርታው ላይ 400 ሜትር ነበር።

በማግስቱ ጥግ ላይ ያለው ሱቅ ውኃ ስገዛ አድራሻዬን ለሰውዬው አሳየሁትና ዮኩሹ የምትለዋን ቃል ጠየቅኩት። እንግሊዝኛው ትንሽ ነው። መልስ ፈልጎ ሲያጣ እጁን ዘረጋና መዳፉን እንደ ጣሪያ አጋደለው፤ በሌላኛው እጁ ሁለት ጣቶች በመዳፉ ላይ እየተራመደ ወደ ላይ ወጣ። ዳገት ማለት ነው። ዮኩሽ፣ ዳገት። ኢስታንቡል ውስጥ በዚህ ቃል የሚያልቅ የመንገድ ስም ሞልቷል፣ ከቶፕሃኔ ወደ ኢስቲክላል የሚወጣው ኩምባራጂ ዮኩሹ አንዱ ነው። መርዲቨን የሚል ቃል ካያችሁ ደግሞ ደረጃ ነው። መንገዱ ከሩቅ ጀምሮ በገዛ ስሙ እየነገረኝ ኖሯል።

ማክሰኞ፦ ቱኔል መድኃኒት መስሎን ነበር

ሰው ጠይቀን ቱኔልን አገኘን። ከካራኮይ ተነስቶ ላይ ኢስቲክላል ጫፍ የሚያወጣ አጭር የመሬት ውስጥ ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 ሥራ የጀመረ፣ በከተማ ውስጥ ከመሬት በታች ከሚሄዱት ከለንደኑ ቀጥሎ ሁለተኛው አንጋፋ ነው። መንገዱ ግማሽ ኪሎ ሜትር በትንሹ ያልፋል፣ በአንድ ደቂቃ ተኩል ላይ ናችሁ። ስናገኘው በጣም ደስ አለን። ዳገቱን ባቡሩ ይወጣልናል፣ እኛ ቀስ ብለን ወደ ቤት እንወርዳለን አልን።

እዚህ ጋ ነው ከሁሉም በላይ የተማርኩት። ለታመመ ጉልበት ብዙ ጊዜ ቁልቁለት ከዳገት ይከፋል። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። እናቴ ታውቃለች፣ አልነገረችንም። ከቱኔል መውጫ እስከ ግንቡ፣ ከግንቡ እስከ ቤት ያለው መንገድ በሙሉ ቁልቁል ነው። እግሯ መሬት ሲነካ ፊቷ ሲጨማደድ አየሁ። «ዳገቱን እችለዋለሁ፣ ልጄ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ቁልቁለቱ ነው የሚጨርሰኝ»።

የቤቱ ችግር ያኔ በደንብ ታየኝ። ሰፈሩ መጥፎ አይደለም። ላይ፣ ቱኔል መውጫው አጠገብ ብናርፍ ኖሮ ኤም2 አለ፣ ቱኔል አለ፣ ኢስቲክላል ሜዳ ነው፣ ችግር አልነበረም። ታች፣ ካራኮይ ትራሙ አጠገብ ብናርፍም ችግር አልነበረም። እኛ ያረፍነው ግን በሁለቱ መሃል፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ነው። ከላይ ብንመጣ ቁልቁለት፣ ከታች ብንመጣ ዳገት። በካርታ ላይ ለሁሉም እኩል የቀረበው ቤት በእግር ከሁሉም እኩል የራቀ ሆነ።

በታክሲ መሄድም ሞክረናል። ሁለቱ ሹፌሮች አጭር መንገድ ስለሆነ አንሄድም አሉ። ሦስተኛው ወሰደን፣ ግን ጠባቡ መንገድ ውስጥ መግባት ስለማይችል ግንቡ ጋ አወረደን። እንደገና 350 ሜትር ቁልቁል።

ረቡዕ እናቴ ቀረች

ረቡዕ ጠዋት የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ቀናችን ነበር (ማክሰኞ ዝግ ነው፣ ስለዚህ ነው ወደ ረቡዕ ያሸጋገርነው)። እናቴ ልብሷን ለብሳ፣ ሻርፕዋን አድርጋ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ዛሬ በመስኮት ባሕሩን አያለሁ» አለች። ለመንናት። እምቢ አለች። እግሯን አየሁት፣ ጉልበቷ አብጧል።

እህቴና እኔ ሄድን። ቤተ መንግሥቱ ሁለተኛው ግቢ ውስጥ ቆሜ ምንም ነገር እያየሁ አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ ለሌላ ሰው ስትሮጥ የኖረች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ ወጥታ ከተማውን በመስኮት ታያለች፣ ምክንያቱም እኔ በማይሰረዝ ዋጋ ትንሽ ገንዘብ አተርፌያለሁ። እህቴን «አንቺ ጨርሺ፣ እኔ ቤት ልፈልግ» ብያት ወጣሁ።

ስንነጋገርበት ቀላል አልነበረም። እህቴ ሦስት ሌሊት ነው የቀረው፣ እንቻለው ትል ነበር። እናቴ ደግሞ ገንዘቡን ስትሰማ «በጭራሽ!» አለች። አከራዩን ጻፍንለት፤ በትሕትና መለሰ፣ ግን የማይመለስ ነው የተከፈለው፣ ሕጉም እንዲያ ነው አለ። እውነቱን ነው። በመጨረሻ እህቴን ያሳመናት የራሷ ማስታወሻ ደብተር ነው። የት የት እንደሄድን ስትጽፍ ነበር። ገልጠን አየነው። በሦስት ቀን ውስጥ ጠዋት ከወጣን በኋላ ለምሳ ዕረፍት ቤት የተመለስንባት አንዲት ቀን የለችም። መመለስ ከባድ ስለሆነ ማንም ሳይናገር ሁላችንም እስከ ማታ ውጭ እንቆይ ነበር። ማታ ደግሞ ደክሞን በዳገቱ። እናቴን ያሳበጣት ዳገቱ ብቻ አልነበረም፣ ሳያርፉ አሥር ሰዓት ውጭ መዋልም ጭምር ነው።

ሁለተኛውን እንዴት መረጥኩ

ከቶፕካፒ በጉልሃኔ መናፈሻ በኩል ወርጄ ሲርኬጂ ደረስኩ። ሲርኬጂን ያሰብኩት በካርታ ሳይሆን በመስመር ነው። ቲ1 ያልፍበታል። ከቦስፎረስ ሥር የሚያልፈው ማርማራይ ባቡር ጣቢያ አለው። የኤሚኖኑ መርከቦች ጥቂት ደቂቃ በእግር ናቸው፣ መንገዱም ሜዳ ነው። ሱልጣናህመት ራሱ ለምን አልሆነም ትሉኝ ይሆናል። ሱልጣናህመት ኮረብታ አናት ላይ ነው። ከአደባባዩ ወደ ባሕር የሚወርዱት ሰፈሮች ውስጥ ያለ ሆቴል «ከሰማያዊው መስጊድ 300 ሜትር» ሊል ይችላል፣ 300ዋ ግን ማታ ማታ ዳገት ናት። ከሲርኬጂ ወደ ሱልጣናህመት ያለውን ዳገት የሚወጣው ትራሙ ነው። ሁለት ፌርማታ። እኔ ደግሞ የፈለግኩት ይሄንኑ ነው፤ ዳገቱን ትራሙ ይውጣው፣ በሩ ሜዳ ላይ ይሁን።

ሦስት ሆቴሎችን ከትራም ፌርማታው እየተነሳሁ በእግሬ ሄጄ አየሁ። በእናቴ እርምጃ ነው የሄድኩት፣ ሆን ብዬ ቀስ ብዬ። የመጀመሪያው ቆንጆ ነው፣ መንገዱ ግን ወደ ላይ ያዘነብላል። ተውኩት። ሁለተኛው «ሊፍት አለን» አለ፣ አለውም። ግን ሊፍቱ የሚጀምረው ከግማሽ ፎቅ ነው፤ ከመንገዱ ተነስቶ ሊፍቱ ጋ ለመድረስ ዘጠኝ ደረጃ አለ። ቆጠርኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር የትኛውም አፕ ላይ አይጻፍም። አሮጌ ሕንፃ ላይ ሊፍት በኋላ ሲጨመር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ጥያቄው «ሊፍት አላችሁ ወይ?» ሳይሆን «ከመንገዱ እስከ ሊፍቱ ስንት ደረጃ አለ?» ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ሆቴል ነው። ክፍሉ ከቀድሞው ቤት ያንሳል፣ ማብሰያ የለውም፣ መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ለአንድ ሌሊት አንድ ሦስተኛ ገደማ ይበልጣል። ከትራሙ አራት ደቂቃ፣ በሜዳ። መግቢያው ላይ አንድ ደረጃ ብቻ፣ ሊፍቱ ከዚያው ይጀምራል። እንግዳ ተቀባዩን ልጅ ለእናቴ መሆኑን ስነግረው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ከፍ ያለ ደፍ የሌለውን ክፍል ራሱ መርጦ አሳየኝ። እሱን ሳልጠይቀው ነው። ሦስቱን ሌሊት እዚያው ከፈልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሻንጣዎቹን እኔና እህቴ ተሸክመን ወደ ካራኮይ ወረድን፣ እናቴን በሌላው እጄ ደግፌ። የመጨረሻዋ ቁልቁለት ናት ስላት ሳቀች።

ከዚያ በኋላ የተቀየረው

ደብተሩ ውስጥ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ «ሆቴል፣ እረፍት» ተጽፏል። አንዳንዴ አንድ ሰዓት፣ ዓርብ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሐሙስ ከሰዓት አያ ሶፊያ ገባን። ለጉብኝት የሚገባ የውጭ ሰው እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ 25 ዩሮ ይከፍላል፣ የሚያየውም ከላይኛው ሰገነት ላይ ሆኖ ነው፣ ስለዚህ መውጣት አለ። እናቴ አርፋ ስለነበር ወጣችው። እ.ኤ.አ. በ537 የተመረቀ ሕንፃ ውስጥ ቆማ ወደ ጉልላቱ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየች። ሰኞ ማታ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ላይ እንመለስ ነበር። ዓርብ ወደ ትልቁ ባዛር ሄድን፣ እሁድ ስለሚዘጋ ማለፍ የለበትም ብለን። ቲ1 ላይ ሰው ይጨናነቃል፣ በተለይ ማታ፤ ግን እናቴ ገብታ ቆማ የቀረችበትን ጊዜ አላስታውስም፣ ወጣቶቹ ተነስተው ቦታ ይለቁላታል።

ወደ እስያው ወገን ስንሄድ በማርማራይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 የተከፈተ ነው፣ ከሲርኬጂ ኡስኩዳር በባሕሩ ሥር አራት ደቂቃ ገደማ። ፍጥነቱ ያስገርማል፤ ግን የሲርኬጂ ጣቢያ በጣም ወደ ታች ስለሆነ በተንቀሳቃሽ ደረጃው የምታጠፉት ጊዜ ከባቡሩ ይበልጣል። አንድ ነገር አስታውሱ፦ ማርማራይ ስትገቡ የረጅሙን መንገድ ዋጋ ይቆርጥባችኋል፣ ስትወጡ ኢያዴ የሚል ማሽን ላይ ካርዱን ካስነካችሁ ትርፉን ይመልሳል። እኛ በመጀመሪያው ጊዜ አላወቅንም፣ አለፍነው። ስንመለስ በመርከብ ነው የተመለስነው። በዚያው ካርድ ይሠራል። በወገቡ ቀጠን ባለ ትንሽ ብርጭቆ ሻይ ይዞ ሰውዬው ይዞራል፣ ወፎቹ ከመርከቡ ጎን ጎን ይበራሉ፣ የጋላታ ግንብ ከሩቅ ይታያል። እናቴ «ያ ነው ቤታችን የነበረው?» አለች እየጠቆመች። ከባሕሩ ላይ ሲታይ ኮረብታው ምን ያህል እንደቆመ አሁን ነው የታየኝ። አንድ ቀን ቀድሜ ከዚህ መርከብ ላይ ባየው ኖሮ አልይዘውም ነበር። ከቤት ሆኜም ማየት እችል ነበር፤ መንገዱን በፎቶ የሚያሳየውን ስትሪት ቪው ካርታው ላይ ከፍቼ ከፌርማታው እስከ በሩ በጣቴ ብሄድ ደረጃዎቹ ሁሉ ይታያሉ። በኋላ አድርጌው አየሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ስለ መመለሻው አንድ ነገር። በረራችን እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ነበር። ከሲርኬጂ በማርማራይ እስከ የኒካፒ ጣቢያ፣ ከዚያ በኤም2 ጋይረቴፔ፣ ከዚያ ኤም11 ብለን አቅደን ነበር፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ግን ወደ ኤርፖርቱ የሚሄደው ሜትሮ የሚጀምረው 06:00 ነው፣ በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት። ሁለት ቅያሬና ሻንጣ ሲጨመርበት ኤርፖርቱ ጋ የምንደርሰው አጥብቦን ነው። ሆቴሉ ታክሲ ጠራልን፣ ሌሊት 11 ሰዓት ወጣን፣ መንገዱ ባዶ ስለነበር 45 ደቂቃ ፈጀ። ጠዋት በጣም ማልዶ የሚነሳ በረራ ያለው ሰው ሜትሮውን አይቁጠር።

ከዚህ ሁሉ የማልረሳው ግን ቅዳሜ ነው። ቀትር ላይ አርፈን እህቴም እኔም እንቅልፍ ወሰደን። ስነቃ የእናቴ አልጋ ባዶ ነው። ልቤ ደነገጠ። ወርጄ እንግዳ ተቀባዩን ልጅ ስጠይቀው «ወጣች፣ ካርዷን አሳየችኝ» አለኝ። ወደ ትራሙ ሮጥኩ። ፌርማታው ላይ ስደርስ ከኤሚኖኑ የመጣው ትራም በሩን ከፈተ፣ እናቴ ወረደች። በአንድ እጇ ሲሚት የሚሉትን በወረቀት የተጠቀለለ ክብ የሰሊጥ ዳቦ፣ በሌላው ኢስታንቡልካርቷን ይዛለች። አንድ ፌርማታ ሄዳ፣ ድልድዩ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱትን አይታ፣ ተመልሳ ነው። ብቻዋን።

«ምን ሆነህ ነው የምትሮጠው?» አለችኝ። ሲሚቱን ቆርሳ ሰጠችኝና ከፊት ከፊቴ ወደ ሆቴሉ ሄደች።